ጉሙ ውስጥ ከፊት የሚሄደው

አሜሪካ ደርሼ ተመልሻለሁ። ይህን የምጽፈው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «እንዴት ነው አገሩ?» ይለኛል። መልስ ስሰጥ ከርሜ፣ ለአንዱ ያወራሁት ለሌላው ካወራሁት ጋር አልገጥም እያለ ቢያሳፍረኝ፣ አንድ ጊዜ በወረቀት ላስቀምጠውና ለሚጠይቀኝ «እንካ አንብብ» ልበለው ብዬ ነው። ስለ ትልልቅ ሐውልቶችና ስለ ነጩ ቤተ መንግሥት ለማንበብ የተቀመጠ ካለ ከአሁኑ ቢነሣ ይሻለዋል። አጠገባቸው ከርሜ አላየኋቸውም። ያየሁት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን የልጄን ቤት፣ አሌክሳንድሪያ ያለውን የወንድሜን ቤት፣ በመካከላቸው ያለውንም መንገድ ነው። ለሹፌር መንገዱ ይበቃዋል።

ታደለ እባላለሁ። ከአዲስ አበባ ደሴ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። መንገድ ስቼ አላውቅም። ይህን ለሰው መናገር ደስ ይለኛል። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ጓዳ ገብተህ ጨው አግኝተህ ታውቃለህ?» እያለች አፌን ታስይዘኝ ነበር።

የሄድኩት ለወርቁ ነው። ወርቁ በስምንት ዓመት የምበልጠው ታናሽ ወንድሜ ነው። ዲቪ ደርሶት ከመሄዱ በፊት ረዳቴ ነበር። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ሹፌር ከመስታወቱ ወዲያ ያለውን የራሱን መጥረጊያ አያይም። ያን ጊዜ ወርቁ ነጭ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይወርድና ከአውቶቡሱ ፊት ፊት በእግሩ ይሄዳል። እኔ ስልሳ ሰው ጭኜ ነጩን እያየሁ እንደ ጥጃ እከተላለሁ። ከነዚያ ቀናት በአንዱ አንድ ነገር ሆነ። ለወርቁ ልነግረውና ይቅርታ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር፤ ሳልነግረው ተሳፍሮ ሄደ። በስልክ ስንት ጊዜ ጀምሬ ወደ አየሩ ጠባይ ዞርኩ። ሰባ ስድስት ሲሞላኝ ግን ከሁለት አንዳችን መሞታችን የማይቀር መሰለኝና ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው ልጄ ለሰናይት «ጥሪኝ፤ ወርቁን በዓይኔ ማየት አለብኝ» አልኳት።

ሰኞ ከቦሌ ተነሣን። በዕድሜዬ ሹፌሩን ሳላይ ተሳፍሬ አላውቅም። ይሄኛው በድምፅ ማጉያ ስሙን ነገረን እንጂ መልኩን አላሳየንም። ያ ሁሉ ሰው ያላየውን ሰው አምኖ አፉን ከፍቶ ተኛ። እኔ ብቻ ፍሬን ስረግጥ ሄድኩ። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ሁለት ጊዜ ዞራ አየችኝ፤ ለካ የምረግጠው የሷን ወንበር ኖሯል። «ይቅርታ እናቴ፣ ቁልቁለት የገባን መስሎኝ ነው» አልኳት።

ማክሰኞ ጠዋት ደረስን። ሰናይትና የዘጠኝ ዓመቷ ልጇ ልያ ተቀበሉኝ። ተቃቅፈን ሳንጨርስ «ወርቁስ?» አልኩ።

«ሥራ ይዞት ነው አባዬ። ዊክኤንድ ላይ እንሄዳለን።»

ወርቁ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ሹፌር ስትሆን ሰው የሚዋሸው የት ጋ እንደሆነ ታውቃለህ፤ የሚዋሽ ሰው መስኮት መስኮቱን ያያል። ሰናይት መኪናው ውስጥ እስክንገባ የምታየውን መስኮት አጥታ ተቸገረች።

መንገዱ ሰፊ ነው፤ ሁለቱም ወገን ጫካ፣ ቅጠሉ ቀልቶ የረገፈበት። ሰው ግን የለም። ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ አህያ የሌለበት መታጠፊያ፣ እንጨት የተሸከመች ሴት የሌለችበት ዳገት አላውቅም። እዚህ ግማሽ ሰዓት ሄደን አንድ በእግሩ የሚሄድ ፍጡር አላየሁም። መኪናው ውስጥ ደግሞ የማትታይ ሴት አለች። «ወደ ቀኝ» ስትል ሰናይት ወደ ቀኝ፣ «ወደ ግራ» ስትል ወደ ግራ። አንዴ ሰናይት መታጠፊያውን አለፈችው። ሴትዮዋ አልተቆጣችም፤ ትንሽ ዝም አለችና ካለንበት ጀምራ ሌላ መንገድ አወጣችልን። እኔ ብሆን ለሦስት ኪሎ ሜትር እሰድብ ነበር።

«ቤትሽን አታውቂውም?» አልኳት።

«አውቀዋለሁ አባዬ። እሷ ግን ከፊት ያለውን ታያለች።»

ይህን መልስ ያን ቀን ናቅኩት።

ሰናይት የምትኖረው እነሱ ታውን ሃውስ የሚሉት ውስጥ ነው፤ አንድ ዓይነት ቤት እንደ ጥርስ ተደርድሮ። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሳምንቱን ኦሃዮ ነበር። በስልክ «አባባ፣ እንኳን ደህና መጡ፣ አይዞዎት» አለኝ። እንኳን ደህና መጡ ይገባኛል። አይዞዎት ምን አመጣው?

ረቡዕ ደግሞ እንግዳ ቀን ነበር። ሰናይት ሥራዋን ትታ ቤት ዋለች። ዶሮው፣ አልጫው፣ ሾርባው፣ አንዱ ሳይወርድ አንዱ ይመጣል። ስልኳ ሲጠራ ግን ይዛው ሽንት ቤት ትገባና ውሃ ትከፍታለች። ማታ እራት ላይ ልያ ሹካዋን አንሥታ «ግራንድፓ፣ አንክል ወርቁ ካንት...» ብላ ሳትጨርስ እናቷ «ልያ» አለቻት፤ በዚያች አንዲት ቃል ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ካንት ማለት «አይችልም» ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ምኑን ነው የማይችለው? ሬሳ ብዙ ነገር አይችልም።

ከእራት በኋላ ሰናይት አጠገቤ ተቀመጠችና ብርቱካን ላጠችልኝ። ያን ጊዜ ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የእኛ ሰው ክፉ ወሬ በስልክ አይነግርም። ከመንገድ ለመጣ ሰው ደግሞ እህል ሳይቀምስ፣ እንቅልፍ ሳይጠግብ አይነገርም፤ በጠዋት ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው መርዶው የሚነገረው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ተሳፋሪ ስንቱን ጫንኩ። «እናትህን ትንሽ አሟታል» ተብሎ ከአዲስ አበባ የሚመጣ፣ ሁለት ዘመድ ግራና ቀኝ ይዞት የተቀመጠ። ገና ሸኖ ሳንደርስ አውቶቡሱ በሙሉ ያውቃል፤ ሰውየው ብቻ አያውቅም። ተሳፋሪው ለሱ ሲሆን ድምፁን ይቀንሳል፤ መስኮቱን ይለቅለታል። የማያውቀው ሰው ሁሉ ብርቱካን ይልጥለታል። እኔ በመስታወት አየዋለሁ። እሱም አንዳንዴ ቀና ብሎ በመስታወቱ ያየኛል፤ እኔ ወደ መንገዱ እመለሳለሁ።

እና ሰናይት ብርቱካኑን ስትልጥ ቀና ብዬ አየኋት። ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም ነበር።

ሐሙስ ሰናይት ልያን ትምህርት ቤት ልታደርስ ስትወጣ እኔም ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ሰው ባገኝ ልጠይቅ ነው። አንድ መታጠፊያ ሄድኩ፤ ሁለት መታጠፊያ። ያ ሁሉ ቤት፣ መጋረጃው ያው፣ ደረጃው ያው፣ ሰው የለም፤ ልጅ አያለቅስ፣ ዶሮ አይጮህ። አንዱ ሣር ላይ ፍየሎች አየሁና ደስ አለኝ። ስጠጋ ፍየል አይደሉም፤ አጋዘን ናቸው። አምስት ሆነው ቆመው ትኩር ብለው አዩኝ። አልሸሹም። እንደምመጣ የተነገራቸው ይመስል ነበር። ሰላምታ ሰጥቼ ወደ ኋላዬ ተመለስኩ።

መንገድ ስቶ የማያውቀው ታደለ እዚያ ላይ ጠፋ። ሁሉም ቤት የሰናይት ቤት ነው። በመጨረሻ አንዱን መርጬ ሰናይት የሰጠችኝን ቁልፍ ሰደድኩበት፤ አልዞር አለ። ስታገል በሩ ተናገረ። ሰው የለም፤ በሩ ነው በእንግሊዝኛ የተናገረው። ወደ ኋላ ሁለት ደረጃ ወርጄ ጋቢዬን አስተካከልኩና ጎንበስ ብዬ «ደህና አደሩ» አልኩት። ለበር። በሩ ጥቂት ዝም አለና በአማርኛ፣ በሴት ድምፅ፣

«አባባ፣ የሰናይት አባት ነዎት? ቤቱን ተሳስተዋል። ከዚህ ሦስተኛው ነው፣ ቀዩ የአበባ ዕቃ ያለበት» አለኝ።

«አንቺ የት ሆነሽ ነው?»

«አስቴር እባላለሁ። ፎልስ ቸርች ከተማ፣ ሥራ ላይ ነኝ። በሩ ላይ ባለው ካሜራ በስልኬ አየሁዎት። ቀስ ብለው ይሂዱ፣ ደረጃው ያንሸራትታል።» ከዚያ ድምፁ ለወጥ አለ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት አባባ።»

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሦስተኛው ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሰናይት ስትመለስ ምንም አልጠየቅኳትም፤ አውቶቡሴ ውስጥ ብርቱካን የሚላጥላቸው ሰዎችም አይጠይቁም ነበር። ለምን እንደማይጠይቁ አሁን ገባኝ። እስካልተነገረህ ድረስ ሰውየው ግማሹ በሕይወት አለ።

ዓርብ ጠዋት ብቻዬን ስሆን የወርቁን ስልክ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሣ። «ወርቁ ነኝ» አለኝ፤ ልቤ ልትወጣ። «አሁን ስልኩን ማንሳት አልቻልኩም። መልእክትዎን ይተዉልኝ።» ቀጥሎ ያችኑ በእንግሊዝኛ አላት። ከዚያ ጢጥ አለና ዝምታ፤ የሚጠብቅ ዝምታ። ለሞተ ሰው ስልክ መልእክት እንዴት እንደሚተው ማንም አላስተማረኝም። ተነፈስኩ፣ ተነፈስኩና ዘጋሁት።

እንግዲህ ለሱ የያዝኩትን ነገር ያን ዕለት ለማን ልንገረው? ለግድግዳው ነገርኩት። ለእናንተም ያው ነው።

ነገሩ የሆነ ቀን ጠዋት ደብረ ብርሃን ቁርስ ላይ ወርቁ «ጋሼ፣ ዲቪ ሞልቻለሁ» አለኝ። ተናደድኩ፤ ጥሎኝ ሊሄድ ነው። ጣርማ በር እስክንደርስ አላነጋገርኩትም። ከዋሻው ወጥተን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ጉሙ ዘጋን። ወርቁ ነጠላውን ይዞ ወረደ፤ ከፊት ሄደ፤ ተከተልኩ። የሆነ ቦታ ላይ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ሲጮህ ሰማሁ፤ ነጩ ከፊቴ አለ፣ ስለዚህ ቀጠልኩ። አንድ ጠመዝማዛ። ሁለት። ሦስት። በግራ በኩል ገደሉ እንዳለ አውቃለሁ እንጂ አላየውም፤ ነጩ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ። ከዚያ ከኋላ በኩል ቆርቆሮው በእጅ ተደበደበ። ቆምኩ። በሩ ተከፈተና ወርቁ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ እያለከለከ ገባ። ድንጋዩን ሊያይ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር። «ጋሼ፣ ጥለኸኝ ሄድክ?» አለ።

ወደ ፊት አየሁ። ጉም ብቻ።

«አላየሁህም» ብዬ ሳቅኩ። ደብረ ሲና ስንደርስ ተሳፋሪው አጨበጨበልኝ፤ አንዲት ሴትዮ ቆሎ አፍሳ ኪሴ ውስጥ ጨመረች። «ምን ዓይነት ዓይን ነው የሰጠህ» አሉኝ። አዎ አልኩ። ሦስት ጠመዝማዛ ማን እንደመራኝ ሳላውቅ፣ አልያም እያወቅኩ፣ ጭብጨባውን ለራሴ ወሰድኩት። መንገድ ስቼ አላውቅም የምለው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከፎቅ ስወርድ በሩ ሥር ጫማ ተደርድሮ አየሁ። ቆጠርኩት፤ ሰባት ሰው። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ቄስ፣ ከጥግ ነጠላ ያደገደጉ ሴቶች። ስገባ ሁሉም ተነሡ። ሰናይት ፊቷን በእጇ ይዛለች።

«ይቀመጡ ጋሽ ታደለ» አሉ ቄሱ።

አልተቀመጥኩም። ጋቢዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና «ወንድሜን፣ ወንድሜን» ብዬ ደረቴን መታሁ። ለሦስት ቀን የያዝኩት ነው፤ ወጣ። «ሳልነግርህ፣ ወርቁዬ፣ አገር አቋርጬ መጥቼ ሳልነግርህ» እያልኩ ሳወርደው ከጥግ ያሉት ሴቶች ግራ ገብቷቸው አብረውኝ ማልቀስ ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ቄሱ ሁለቱንም እጄን ያዙ።

«ጋሽ ታደለ፣ ይስሙኝ እንጂ። ወርቁ አልሞተም።»

«ምን?»

«አለ። ዓይኑ ነው። ዓይኑ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነው። ይህን ልንነግርዎት ነው የመጣነው።»

ጋቢዬ ወገቤ ላይ እንደታሰረ ነው። «እና ለዓይን ነው ይህ ሁሉ ጫማ?» አልኩ።

አንደኛው ሽማግሌ መጀመሪያ ሳቁ፤ አፋቸውን ሸፍነው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ሰናይት እያለቀሰች እየሳቀች «እንዴት እንደሚነገርህ አላወቅንም አባዬ። እሱ ራሱ በስልክ አትንገሩት፣ ሰው ሰብስባችሁ ቀስ ብላችሁ ንገሩት አለን» አለች። ከሴቶቹ አንዷ ተጠግታ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ድምፅዋን አወቅኩት፤ በሩ ነበረች። «ያጽናዎት ያልኩት ለዓይኑ ብዬ ነው አባባ። አፌን በቆረጠው» አለችኝ።

እንጀራውን በእጃቸው አጎረሱኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ወርቁ በምስል አልደውል ያለኝ ትዝ አለኝ፤ «ካሜራው ተበላሽቷል» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው።

ያን ቀን ከሰዓት አሌክሳንድሪያ ሄድን። በመካከል ያለውን ትልቅ ድልድይ ስንሻገር የማትታየዋን ሴት አልተከራከርኳትም። ወርቁ የሚኖረው ከጀርባው ትንሽ ጫካና ወንዝ ያለበት ረጅም የጡብ ፎቅ ውስጥ ነው። ሚስቱ ዘነበች በሩን ከፍታ «ጋሼ፣ እንኳን በሰላም መጡ» ብላ አቀፈችኝ። ከኋላዋ ወርቁ ቆሟል። ዓይኑ ተከፍቷል፤ የሚያየው ግን እኔን ሳይሆን ከትከሻዬ በላይ የሆነ ነገር ነው። እጁን ዘርግቶ ፊቴን ዳሰሰ፤ ከዚያ ራሴን።

«ጋሼ፣ ፀጉሩስ?»

«ሚስቴ ይዛው ሄደች።»

«ትላንት ደውለህ ነበር። ስልኩ ውስጥ ትንፋሽ ብቻ አለ። ጣርማ በርን ስትወጣ እንደምትተነፍሰው ነው የተነፈስከው።»

«ለምን አላነሣህም?»

«ባነሣ ልነግርህ ነው። ውቅያኖስ ማዶ ሆነህ መዋሸት ቀሎኝ ነበር፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባህ በኋላ ከበደኝ። አንተ መንገድ ስቼ አላውቅም እያልክ እኔ ግድግዳ እየዳበስኩ ነው እንዴት ልበልህ?»

ቤቱ በሰው ተሞልቶ ስለነበር ያን ቀን የኔን አልነገርኩትም። አደርኩ።

እሑድ ጠዋት ዘነበች ቀድማ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ወርቁ ነጭ ዱላውን ይዞ «በእግር እንሂድ፣ በወንዙ ዳር ሩብ ሰዓት ነው» አለኝ። ስንወጣ ጉም ወርዷል። ጣርማ በር ተከትሎኝ የመጣ ነው የመሰለኝ፤ ያው እርጥበቱ፣ ያው ጆሮ የሚደፍን ዝምታው። ከፎቁ እንደወረድን ፎቁ ጠፋ።

«እንመለስ» አልኩ።

«ለምን?»

«ምንም አይታይም።»

ወርቁ ሳቀ። «እኔ ክርኔን ላበድርህ እችላለሁ።»

ያዝኩት። የእግር መንገዱ ቀጭን ነው፤ በአንድ ወገን ውሃው ይሰማል። ዱላው ጠቅ ጠቅ ይላል። እንዴት እንደሚሄድ ጠየቅኩት።

«መጀመሪያውን ዓመት ከቤት አልወጣሁም» አለ። «መንገዱን በሙሉ በራሴ ውስጥ ሳልይዝ እግሬን አላነሣም ብዬ። ሲያስጨንቀኝ አንድ ቀን እግዚአብሔርን የሚቀጥለውን እርምጃ ብቻ ስጠኝ አልኩት። እስከ ዛሬ አንዷን ይሰጠኛል። ሁለተኛዋን ቀድሜ ብጠይቅ አይሰጠኝም፤ አንዷ ግን ቀርታብኝ አታውቅም።»

ያኔ ነገርኩት። ጠመዝማዛዎቹን፣ ነጩን፣ ጭብጨባውን፣ ቆሎውን ሳይቀር። ስጨርስ ወርቁ ቆሞ ነበር። ፊቱ ላይ የነበረውን እስክሞት አልረሳውም።

«አላየኸኝም ነበር ማለት ነው» አለ።

«ከፊቴ ያለህ መስሎኝ ነበር።»

«እኔኮ ስለ ዲቪው ተናደህ ሆን ብለህ ገደል አፋፍ ላይ የተውከኝ ነበር የመሰለኝ። ለዚያ ነው ቦሌ ስትሸኘኝ ያላቀፍኩህ። እዚህ ስንት ዓመት ይዤው ኖርኩ፤ እንዳልጠይቅህ አዎ ብትለኝስ ብዬ።»

እኔ ጭብጨባ የሰረቅኩ መስሎኝ ነበር ሠላሳ ዓመት የተሸማቀቅኩት። ለካ ወንድሜን ነበር ጉሙ ውስጥ የተውኩት። «ይቅር በለኝ» አልኩት። በዱላው ቁርጭምጭሚቴን ነካ አድርጎ «ሂድ ወዲያ፣ ቅዳሴ ሊያልፍብን ነው» አለኝ፤ ድምፁ ግን ተሰብሯል። ዓይኑን ጠራረገ። ለካ እንባው አልጠፋም።

ጉሙ ባሰ። ሀፍረትም ይሁን ኩራት፣ ክርኑን ለቅቄ «አንተ ምራ፣ በዱላው ድምፅ እከተላለሁ» አልኩት። ጠቅ ጠቅ እያለ ቀደመኝ። መሬት መሬት እያየሁ ተከተልኩ። ድምፁ ወደ ቀኝ ዞረ፤ ዞርኩ። ከእግሬ ሥር እንጨት ተሰማኝ፤ ትንሽ ድልድይ ላይ ወጥተናል። በሁለቱም ወገን ውሃው ይጮሃል። ጠቅ ጠቅ ጠቅ።

«ጋሼ» አለ ወርቁ።

ድምፁ ከኋላዬ ነው። ሩቅ።

«ጋሼ፣ ዱላዬ ወደቀብኝ። ቅጠሉ ውስጥ እየዳበስኩ ነው። የት ነህ?»

ፀጉር ቢኖረኝ ይቆም ነበር። ከፊቴ ድምፁ አሁንም አለ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ሳይቸኩል። አንድ እርምጃ ልጨምር እግሬ ተነሣ። መልሼ አወረድኩት።

«ቆሜያለሁ ወርቁ» አልኩ። «አልተውኩህም። ቆሜያለሁ።»

ከፊት ያለውም ቆመ።

በእጄ የድልድዩን ዘንግ እየያዝኩ ተመለስኩ። ወርቁን ተንበርክኮ አገኘሁት፤ ዱላውን እርጥብ ቅጠል ውስጥ ፈልጌ እጁ ላይ አስያዝኩት። ክርኑን አጥብቄ ያዝኩ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ከፊታችን እንደገና ጠቅ አለ፤ የወርቁ ዱላ ግን ገና መሬት አልነካም።

«ወርቁ» አልኩት በሹክሹክታ፣ «ከፊታችን ሰው አለ?»

«ዛሬ ነው የሰማኸው?» አለኝና አንድ እርምጃ ተራመደ።

እኔም ተራመድኩ። ሌላ አልጠየቅኩም። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ጉሙ ነጠላ የለበሰ ሰው ሞልቶበታል፤ ማን ቀድሞን እንደገባ ማወቅ አይቻልም ነበር። ዘነበች ጫማችንን አይታ «ይህን ሁሉ ጭቃ ከየት አመጣችሁት?» ብላ ተቆጣችን። የወርቁ እስከ ጉልበቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ወርቁ ቤት ከረምኩ። ጠዋት ጠዋት በዚያው መንገድ ሄድን፤ ጉምም ባይኖር ክርኑን አልለቅም። አንዳንድ ቀን ይሰማኛል፣ አንዳንድ ቀን አይሰማኝም። ወርቁ ባይሰማህም ሂድ ይለኛል። ስንሰነባበት አቀፈኝ፤ የቀረችውን የቦሌዋን ጨምሮ።

የመመለሻው አውሮፕላን ሲነሣ በመስኮቱ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ዙሪያው ነጭ ነው። ሹፌሩ ስሙን ተናገረ፤ መልኩን አሁንም አላሳየንም። ጫማዬን አወለቅኩና እግሬን አጥፌ ተቀመጥኩ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ቦሌ ድረስ አንድ ጊዜም ዞሮ አላየኝም።